ሚያዝያ 12 እና የሰልፍ መብታችን

 

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ስሙ የሚነሳ፣ ዝርዝሩ ግን ብዙም የማይነገር አንድ ቀን እንመለከታለን፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያንን ቀን ሲያስታውሱ የሕዝቡን ብዛት ያወሳሉ። እኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ እናነሳለን። እነዚያ ሰዎች አደባባይ ሲወጡ ሕጉ ምን መብት ሰጥቷቸው ነበር? ዛሬስ ልጆቻችን ለሰልፍ ቢወጡ መብታቸውን ያውቁታል ወይ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ንጉሡ ዘመን ሕግ መለስ እንበል። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 45 ዜጎች ሕግ በሚወስነው መሠረት፣ ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብ እንደሚችሉ ይገልጽ ነበር። በአንቀጽ 51 ደግሞ የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዛል። ጽሑፉ መልካም ነበር። ነገር ግን «ሕግ በሚወስነው መሠረት» የምትለዋ ቃል በሩን ከፍታ መልሳ የምትዘጋ ሆና ተገኘች። በ1959 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 253 መብቱን በብዙ ገደብ ስላጠረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያንኑ አዋጅ በመቃወም ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ስለ ሰልፍ የወጣው ሕግ ራሱ የሰልፍ ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጎ ነበር። ሙስሊሙ በዚህች አገር ተወልዶ፣ አርሶ፣ ነግዶ፣ ግብር ከፍሎ ሳለ ስሙ ሲጠራ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር። አገሩ የራሱ የሆነ ሰው እንደ እንግዳ «የሚኖር» መባሉ ምን ያህል እንደሚከብድ አድማጮቻችን አያጡትም።

የካቲት 1966 ሲመጣ አገሪቱ ተናወጠች። መምህራን ሥራ አቆሙ፣ የታክሲ ነጂዎች አደሙ፣ ወታደሩም ተነሳ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወርዶ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ። ሙስሊሙ ኅብረተሰብም የዘመናት ብሶቱን በ13 ነጥቦች አዘጋጅቶ ለአዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አቀረበ። ቅዳሜ ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ 100,000 ያህል እንደሚሆን የተገመተ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣ። በዚያ ሕዝብ መካከል ወንድሞቻችንን ደግፈን እንቆማለን ያሉ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ይህን ልናስታውሰው ይገባል፤ ጥያቄው የአንድ ወገን ጠብ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ መሆኑን ያሳያልና።

ከጥያቄዎቹ መካከል በዓሎቻችን በመንግሥት ይታወቁ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ይጠናከሩ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በጦር ሠራዊት በእኩልነት እንቀጠር፣ የመሬት ባለቤትነት መብታችን ይከበር፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚሉ ይገኙባቸዋል። ልብ እንበል። ብሶታቸው ብዙ ሆኖ ሳለ ቆጥረው ጻፉት፤ ለማን እንደሚሰጡትም አወቁ። ሥርዓቱ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ጥያቄው በሙሉ መልስ አላገኘም። ሆኖም በ1967 ዓ.ም. ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሓ እና መውሊድ በአገር ደረጃ የሚከበሩ በዓላት ሆነው ታወጁ። ዛሬ በዒድ ቀን ልጆቻችን ትምህርት ቤት የማይሄዱት በዚያ ቀን ለቆሙት እግሮች ምስጋና ይግባቸውና ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ ለማድረግ የሚፈልግ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ደነገገ። «ያሳውቅ» ማለትና «ያስፈቅድ» ማለት ይለያያሉ። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት እንጂ ሰልፉ በየትም ቦታ በምንም ጊዜ አይደረግም ማለት አይችልም። በሰልፈኛውም ላይ ግዴታ ተጥሏል። መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሆስፒታል፣ ከመቃብርና ከኤምባሲ በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ አይደረግም። ከጁሙዓ በኋላ በመስጊድ በር ላይ መሰብሰብን የለመድን እኛ ይህችን መስመር ልናውቃት ይገባል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን አስፍሯል። ወላጆች ሁሉ ለልጆቻቸው ሊያስጠኑት የሚገባው ግን ከእሱ በተጨማሪ አንቀጽ 19ን ነው። የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄጃ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንበትም። ሕግ ከሚያስቀራቸው ሁኔታዎች በስተቀር ዋስትና መጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 21 መሠረት ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። ስለዚህ እናት ስንቅ ይዛ ጣቢያ ስትሄድ ልመና አልሄደችም፤ ሕግ የሰጣትን ልትጠይቅ ነው የሄደችው።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሰልፍ መብት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት በአካባቢው እንዲህ ያለ አዋጅ መኖር አለመኖሩን ማጣራት ብልህነት ነው። ሆኖም በአንቀጽ 93 መሠረት በዚያ ጊዜ እንኳ የማይነካ መብት አለ። ሰውን ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ 18 በምንም አዋጅ አይታገድም።

«ሕጉ ይህን ያህል ካማረ በ2004 የሆነው ለምን ሆነ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. በአወሊያ ትምህርት ቤት የጀመረው የሙስሊሙ ጥያቄ በጁሙዓ ቀናት በዝምታና ነጭ በማውለብለብ ጭምር ሲቀርብ ቆየ። ሕዝቡን ወክለው የተመረጡት የኮሚቴ አባላት ግን በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብር አዋጁ 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ እስከ 2010 ባሉት ዓመታትም በየጊዜው ተፈቱ። በወረቀት ላይ ያለ መብት ብቻውን ሰውን ከእስር እንደማያድን ከዚህ በላይ አስረጂ አንፈልግም። ነገር ግን ጥያቄውን ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው በማቅረባቸው ክሱና ጥያቄው ጎን ለጎን ተቀምጠው ለትውልድ ይነበባሉ። መብቱን የማያውቅ ሰው ሲበደል የተበደለውን በስሙ ጠርቶ እንኳ መክሰስ አይችልም።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ባዕድ አይደለንም። የቁረይሽ መልእክተኞች ስደተኞቹን ሶሓቦች ለመመለስ ስጦታ ይዘው ወደ ሐበሻ ምድር ሲመጡ ነጃሺ ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆሞ ነገሩን በሥርዓት አስረዳ። ከሳሽ ብቻ ተሰምቶ ፍርድ እንዳይሰጥ በዚህች ምድር የተፈጸመ ትልቅ ምሳሌ ነው። ንጉሡ በፍትሕ ሰሚ ነበር፤ ጃዕፈርም የሚናገረውን ያውቅ ነበር። ሁለቱም አስፈላጊዎች ናቸው።

እንግዲህ ለሰልፍ የሚወጣ ልጅ ካለን አስቀድመን እናነጋግረው። ማስታወቂያው በጽሑፍ መቅረቡን ይጠይቅ። መታወቂያውን ይያዝ፤ የሚሄድበትን ለቤተሰብ ይንገር። ድንጋይ የሚያነሳ ከጎኑ ካየ ይራቅ። ከተያዘ አይታገል፤ ምክንያቱን በጨዋነት ይጠይቅ፤ ያላነበበውን አይፈርም። ቤተሰብ ደግሞ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የጣቢያውን ስም ይመዝግብ፤ 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።

አላህ ለአገራችን ሰላምን፣ ለተበደለ ሁሉ ፍትሕን ይወፍቅልን። አሚን።