ግቢ የሌለው ትምህርት ቤት በዓሉን የት ያከብራል?

የቅርብ ጎረቤታችሁ ቤት በመኪና የሰዓታት መንገድ ቢሆን የትምህርት ቤት በዓል እንዴት ታከብሩ ነበር? በመካከለኛው አውስትራሊያ የከብት እርባታዎች ለሚኖሩ ልጆች ይሄ የእውነት ጥያቄ ነው። ዛሬ የሚሰባሰቡት በኢንተርኔት ነው። ነገሩ ግን በኮቪድ ጊዜ የመጣ እንዳይመስላችሁ!

አልፍሬድ ትሬገር የተባለ መሐንዲስ በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መብራት በሌለበት የሚሠራ ሬዲዮ ፈጠረ። ኃይሉ የሚመነጨው እንደ ብስክሌት ፔዳሉን በእግር በመምታት ነው። ዓላማው ገጠር ያለ በሽተኛ በአውሮፕላን የሚመጣውን ሐኪም እንዲጠራበት ነበር።

የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር የነበሩት አደሌድ ሚትኬ ግን ሌላም ነገር አስተዋሉ፤ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ርቀው በማደጋቸው ዓይን አፋር ሆነዋል። ታዲያ በዚያው ሬዲዮ ቢማሩስ? ሐሳቡ ተቀባይነት አግኝቶ በ1951 (እ.ኤ.አ.) አሊስ ስፕሪንግስ ላይ «የአየር ትምህርት ቤት» ተከፈተ።

መጀመሪያ የሚናገረው አስተማሪው ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ ልጆቹም መጠየቅና መመለስ ጀመሩ። ያኔ ነው ክፍሉ እውነተኛ ክፍል የሆነው፤ አንዱ የሚመልሰውን ሌላው ከመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማዋልና። በኋላ የሳተላይት ኢንተርኔት መጣና መተያየትም ተቻለ።

ያም ሆኖ ልጆቹ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ከተማው ተጉዘው በአካል ይገናኛሉ። ድምፁን አሳምረው የሚያውቁት ጓደኛቸው ቁመቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያዩትም ያን ጊዜ ነው።