ሠላሳ ሁለት ድረስ መቁጠር

ወዳጆች፣ ዛሬ ከምርጫውም ከምንዛሪውም ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ቁጥር እናውራ። የዶላር ቁጥር አይደለም። የዲጄ ቁጥር ነው።

ነገሩ የጀመረው ካፈርኩበት ቀን ነው። የነፃ ጋዜጠኛ ገቢ እንደምታውቁት ነው፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ «ሰኞ እንልክልሃለን» ይባላል። ስለዚህ ለሰርግና ለልደት የዲጄ ዕቃ የሚያከራይ ጓደኛዬ ጋ ቅዳሜና እሁድ መሥራት ጀመርኩ። ላፕቶፑ ላይ «ሲንክ» የሚባል ቁልፍ አለ። ሲጫኑት የሁለቱን ዘፈኖች ፍጥነት እኩል ያደርጋል። ታዲያ ምን የሚከብድ ነገር አለ ብዬ ገባሁበት። በአንድ ሰርግ ላይ ሁለት ዘፈኖችን ፍጥነታቸው እስከ ነጥቡ እኩል ሆኖ አገናኘኋቸው። የመጀመሪያው ገና አዝማቹ መሃል ነበር፤ የሁለተኛው ድምፃዊ ዘሎ ገባበት። ምቱ አልተዛነፈም። ሰዉ ግን ትከሻውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ። የሙሽራው አጎት ቀስ ብለው መጡና «ልጄ፣ ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ የማንን እንስማ?» አሉኝ።

እኔ ለወራት ያልገባኝን እሳቸው በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ፍጥነትን ማስተካከልና ሙዚቃን መቁጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አብዛኛው የምዕራቡ የጭፈራ ሙዚቃ አራት አራት እየተቆጠረ ይሄዳል። አራት ምት አንድ ባር ነው። ስምንት ባር ሲሞላ፣ ማለትም ሠላሳ ሁለተኛው ምት ሲያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይለወጣል። ቤዙ ይገባል፣ ድምፃዊው ይጀምራል፣ ወይም ከበሮው ይወጣል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን ይህ 16 ሰከንድ ነው፤ በ128 ደግሞ ልክ 15 ሰከንድ። የሚቀጥለው ዘፈን «አንድ» የሚለው፣ የሚያልቀው ዘፈን አዲሱን ሐረጉን «አንድ» ብሎ ሲጀምር ከሆነ ስፌቱ አይታይም። አሥራ ሰባተኛው ወይም ሃያ ሦስተኛው ምት ላይ ከሆነ አጎትየው ይመጣሉ። የእኔ ቁልፍ ምቶቹን ያስተካክላል እንጂ ከሠላሳ ሁለቱ የትኛው ላይ እንዳለሁ አይነግረኝም። (ሐረግንም ለመለየት የሚሞክሩ ፕሮግራሞች አሁን አሁን መጥተዋል። ለዚያኛው ገንዘብ የለኝም።)

ይህን ቆጠራ ማን አመጣው ብዬ ማንበብ ስጀምር ነው ታሪኩ የያዘኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ማንሃተን ውስጥ ቀድሞ የጀርመን ባፕቲስቶች ቤተክርስቲያን በነበረ ሕንፃ «ሳንክቹዋሪ» የሚባል ጭፈራ ቤት ነበር። ፍራንሲስ ግራሶ የሚባል ልጅ እዚያ ሸክላ ያጫውት ነበር። የአንዱን ዘፈን ከበሮ ከሌላው ከበሮ ጋር በጆሮው አስማምቶ ሁለቱን አብሮ ማስኬድን ከጀመሩት ሰዎች መካከል ስሙ በመጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው። የቺካጎ ባንድን ከበሮ ከሌድ ዜፕሊን ድምፅ ጋር አገናኝቶ ለረጅም ጊዜ ያቆይ እንደነበር ዛሬም ይወራል። ሸክላው ላይ ከበሮ የሚመታው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ግራሶ ጣቱን ከሸክላው ላይ ሳያነሳ ሁለቱን ይከታተል ነበር።

ቆጠራው በትክክል ወደ ሥርዓት የተቀየረው ግን ከማንሃተን ወደ ሰሜን፣ ብሮንክስ ውስጥ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1973 ከጃማይካ የመጣው የ18 ዓመቱ ክላይቭ ካምቤል፣ ማለትም ዲጄ ኩል ኸርክ፣ እህቱ ሲንዲ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ በሴጅዊክ ጎዳና 1520 ቁጥር ሕንፃ ሙዚቃ አጫወተ። ሂፕሆፕ ልደቱን የሚያከብረው በዚያ ቀን ነው። ኸርክ ያስተዋለው ነገር ቀላል ነበር። ሰዉ የሚያብደው ዘፋኙም መሣሪያው ሁሉም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት ቦታ ነው። «ብሬክ» ይሏታል። በጄምስ ብራውን ሸክላ ላይ ይህች ቦታ ጥቂት ሰከንዶች ናት። ኸርክ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ ገዝቶ፣ በአንዱ ላይ ብሬኩ ሲያልቅ በሌላው ላይ ከመጀመሪያው እየጀመረ አራዘማት።

ችግሩ ኸርክ መርፌውን የሚያሳርፈው በዓይን ግምት ነበር። አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አንድ ሁለት ምት ይዘላል። ተወዛዋዡ በመሃል እግሩ ይጠፋዋል። ይህን ቆሞ ያየው ጆሴፍ ሳድለር የሚባል ታዳጊ ነበር፤ በባርቤዶስ ተወልዶ ብሮንክስ ያደገ፣ የቤቱን ሬዲዮ ሁሉ እየፈታ ቤተሰቡን ያስመረረ ልጅ። በኋላ ዓለም ግራንድማስተር ፍላሽ ብሎ ያወቀው ነው።

ፍላሽ ያደረገውን በስሌት እንየው፤ እኔ ይህን ስሠራው ነው ፀጉሬ የቆመው። ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር ይዞራል። ስለዚህ አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ይፈጃል። ዘፈኑ በደቂቃ 100 ምት ቢሆን አንድ ዙር ሦስት ምት ይይዛል ማለት ነው። አሁን የአራት ባር ብሬክ ውሰዱ፤ አሥራ ስድስት ምት። ያንን ለመድገም ሸክላውን ወደ ኋላ አምስት ዙር ከሲሶ መመለስ አለባችሁ። አምስቱን ዙር ማንም ይቆጥራል። ሲሶዋን ግን በምን ታውቋታላችሁ? ፍላሽ ሸክላው ላይ በክሬየን መስመር አሰመረ። መስመሩ እንደ ሰዓት ዘንግ ሆነለት፤ «ብሬኩ ሲጀምር መስመሩ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ቀረው። «የሰዓት ቲዎሪ» ብሎ ሰየመው። አንደኛው ሸክላ እየተሰማ ሳለ ሌላውን ወደ ኋላ እየቆጠረ ይመልሳል፣ መስመሩ ቦታው ሲደርስ ይይዘዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይለቀዋል። ብሬኩ አንድም ምት ሳይጎድልበት እስኪጠግቡ ይቀጥላል።

ለዚህ ግን ሸክላውን በእጅ መንካት ግድ ነበር፤ በዚያ ዘመን ነውር የነበረውን ነገር። ከሸክላው ሥር ያለው ጎማም ይይዝበታል። ስለዚህ ፌልት የሚባለውን ወፈር ያለ ጨርቅ ገዝቶ፣ በሸክላው ልክ ቆርጦ፣ ስታርች ነፍቶና ተኩሶ አደረቀው። አሁን ሳህኑ ከሥር እየዞረ ሸክላውን በጣት ማቆም ተቻለ። ቀጥሎ ገና ያልተለቀቀውን ሸክላ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው የሚሰማበት ማብሪያ ማጥፊያ ሠርቶ ሚክሰሩ ላይ ገጠመ። ዛሬ በየመደብሩ የሚሸጥ ማንኛውም የዲጄ ዕቃ ላይ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ቁልፍ የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው።

መጀመሪያ ለሕዝብ ሲያቀርበው ምን ሆነ መሰላችሁ? ማንም አልጨፈረም። ሰዉ ቆሞ አፈጠጠበት። ፍላሽ ቤቱ ገብቶ እንዳለቀሰ ራሱ ተናግሯል። እኔም ከሰርጉ ማግስት ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ምንም እንኳ እሱን ያፈጠጡበት ስላልገባቸው፣ እኔን ደግሞ በደንብ ስለገባቸው ቢሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ትረካ አለ፤ እኔ አልስማማበትም። «ኒው ዮርክ በ1975 ለኪሳራ ስትቃረብ ከትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ተቀነሰ፤ መሣሪያ ያጡ ልጆች ሸክላን መሣሪያ አደረጉት» ይባላል። ያማረ ታሪክ ነው። ቀኑ ግን አይገጥምም፤ የኸርክ ግብዣ ከዚያ ሁለት ዓመት ይቀድማል። ደግሞም ፍላሽ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ባዶውን አልወጣም። ሳሙኤል ጎምፐርስ በሚባለው የሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተምሯል። ማብሪያ ማጥፊያውን ከየት ያመጣው ይመስላችኋል? ሂፕሆፕን «የጎዳና ልጆች በስሜት የፈጠሩት» ማለት ምስጋና ይመስላል፤ ግን የልጁን ስሌት ከእጁ ይነጥቀዋል። እኛስ? ቴክኒክና ሙያ የገባ ልጅ «ውጤት ያልመጣለት» አይደል የሚባለው በየሰፈራችን?

ከዚያ በኋላ ያለውን ልፍጠነው። በዲስኮ ዘመን ዲጄው እንዲቆጥር ሸክላው ራሱ ተለወጠ። የፊላዴልፊያው ከበሮ መቺ ኧርል ያንግ አራቱንም ምት በትልቁ ከበሮ መምታትን አስለመደ። ቶም ሞልተንና ዋልተር ጊበንስ ዘፈኖችን አራዘሙ፤ በ1976 የጊበንስ ሥራ የሆነው «ቴን ፐርሰንት» ለሕዝብ የተሸጠ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ሆነ። በ1979 የወጣው የቴክኒክስ ማጫወቻ ፍጥነትን እስከ 8 በመቶ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ይዞ መጣ። ቀጥሎ የከበሮ ማሽን መጣ፤ አሥራ ስድስት ቁልፍ በተርታ፣ አንድ ባር ለአራት ምት፣ ለእያንዳንዱ ምት አራት ቁልፍ። ማሽኑ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። የቺካጎ ሃውስ ሙዚቃ እስከ ዛሬ በስምንት ባር የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የፍላሽን እጅ መስማት የሚፈልግ ደግሞ በ1981 በሦስት ማጫወቻ የቀረጸውን «አድቬንቸርስ» ያድምጥ፤ ሰባት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም ያፈርኩት በአራት አራት ዘፈን ብቻ አልነበረም። የእኛ ችክችካ በስድስት ነው የሚሄደው። ስድስቱን ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጋችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጋችሁም ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ ጨዋታውም ያለው ሁለቱ አንድ ላይ በመሆናቸው ነው። ኮምፒውተር ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ስለዚህ ያው ዘፈን አንዴ 120 አንዴ 180 ሆኖ ይመጣል። ለዲስኮ የተሠራ መቁጠሪያ ለእስክስታ ሲቀርብ ይደናገራል። በዚያ ላይ አምሃ ሪከርድስ በ1969 ከጀመረ በኋላ በወጡት አሮጌ ሸክላዎቻችን ላይ የሚመታው ሰው ነው። ባንዱ ሲሞቀው ይፈጥናል። ደግ አደረገ፤ ግን እኔን ገደለኝ።

በሰርግ ሥራ ሃያ ዓመት ያለፈው አንድ ጋሼ አለ፤ ስሙን እንዳልጠቅስ አስምሎኛል። እሱ ዘንድ ሄጄ ችግሬን ስነግረው ሳቀና የላፕቶፑን ስክሪን በጋዜጣ ሸፈነው። «አንተ የምትቆጥረው አራት ነው፣ ሕዝቡ የሚረግጠው ስድስት ነው» አለኝ። «ቁጥር ከጠፋህ ግጥሙን ተከተል። ዘፋኙ ስንት ስንኝ ብሎ ነው ወደ አዝማች የሚመለሰው? እሱን ያዝ። አዝማቹ ሁለተኛ ሲዞር ያንተ ተራ ነው።»

ሦስቴ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ሳትኩ። በሁለተኛው ቀደምኩ፣ በሦስተኛው ዘገየሁ። ጋሼ ቡናውን እየጠጣ «እንደገና» ይላል። በአራተኛው ዓይኔን ጨፍኜ፣ አዝማቹ ሁለተኛ ዞሮ ሲያርፍ ለቀቅኩት። ጋሼ ምንም አላለም፤ ስኒውን አስቀምጦ ሌላ ዘፈን መፈለግ ጀመረ።

ባለፈው ቅዳሜ በሌላ ሰርግ ላይ ሞከርኩት። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ሂሳቡን ሰኞ እንልክልሃለን ብለውኛል።