ሮሃ፣ ማሲንቆና ውስጠ ክፍቱ ጊታር፤ የዛሬው «ኦሪጅናል» የትናንት ርካሽ ነበር

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ በወጡ የአማርኛ ካሴቶች ሽፋን ላይ ደጋግሞ የሚነበብ ስም አለ፦ ሮሃ ባንድ። በዚያ ዘመን ካሴት ያወጡ እጅግ ብዙ ድምፃውያንን ያጀበ ባንድ ነው። ሮሃ ደግሞ የላሊበላ የቀድሞ ስም ነው። የከተማዋ ስም በኤሌክትሪክ ጊታርና በቤዝ ታጅቦ አገር ምድሩን ሲያዳርስ፣ በራሷ በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉት የላስታ ቀበሌዎች ሠርጉንና ጠጅ ቤቱን የሚያደምቀው ግን ማሲንቆና ከበሮ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በላሊበላም ሆነ በወልድያ ሙዚቃ የሚጀምር ወጣት ዓለም የሚጫወትበትን ጊታር ስልኩ ላይ ያያል። ዓይኑን ከሚስቡት አንዱ ውስጠ ክፍት የሚባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ሆዱ እንደ ክራር ገበቴ ባዶ፣ ፊቱ ላይ እንደ ቫዮሊን ሁለት የተጠማዘዙ ቀዳዳዎች ያሉት፣ የጃዝና የብሉዝ ሰዎች የሚወዱት። ዋጋውን ሲያይ ግን ይደነግጣል። ከዚያ የተለመደው ክርክር ይጀመራል፦ «ኦሪጅናሉን ካልሆነ አትግዛ፤ የቻይናው ዕቃ አይደለም።»

ይህ ክርክር የዕቃ ምርጫ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን «እኛ ያለን ነገር አይረባም፤ እውነተኛው ሌላ ቦታ ነው» የሚል እምነት አለ። ያ እምነት ማሲንቆውንም ያጠቃልላል። ስለዚህ «ኦሪጅናል» የተባለው ጊታር ራሱ ከየት እንደመጣ ማየቱ ይጠቅማል።

🔹 ዋጋው በስሙ ላይ የተጻፈ ጊታር

ጊታር ለትንሽ ክፍል የተሠራ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ የአሜሪካ የዳንስ ባንዶች ጥሩንባና ሳክስፎን ሲደረድሩ የጊታሩ ድምፅ ተዋጠ። ጊብሰን የተባለው ኩባንያ በ1922 ኤል-5 የሚባለውን ጊታር አወጣ፤ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ከወፍራም እንጨት እየተፈለፈለ የሚሠራ፣ ብዙ የእጅ ሥራ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። ድምፁ ጨመረ፤ ግን ለጥሩንባ አልበቃም። ዋጋውም ለተራ ሙዚቀኛ የሚቀመስ አልነበረም።

በ1936፣ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፣ ያው ኩባንያ ኢኤስ-150 የተባለ ጊታር ገበያ ላይ አዋለ። ከክሩ ሥር ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒክአፕ አለው። 150 የሚለው ቁጥር ዋጋው ነው፤ ጊታሩ ከነማጉያው 150 ዶላር። በ1939 ቻርሊ ክርስቲያን የተባለ ወጣት ጥቁር ጊታረኛ ይህን መሣሪያ ይዞ የቤኒ ጉድማንን ቡድን ተቀላቀለ። ከዚያ ወዲህ ጊታር ከኋላ ቁጭ ብሎ ምት መምታቱን ትቶ ከሳክስፎን እኩል ፊት ወጥቶ መናገር ጀመረ። ክርስቲያን በ1942 በ25 ዓመቱ ሞተ፤ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ግን የጊታርን ታሪክ ለውጦ ሄዷል። የለወጠውም በኩባንያው ውድ ጊታር አልነበረም።

በ1949 ኢኤስ-175 መጣ። እዚህም ቁጥሩ መነሻ ዋጋው ነው። ይህኛው እንዲረክስ ተብሎ ፊቱን መፈልፈል ቀረና ስስ የእንጨት ገጾች ተደራርበው ተጣበቁ። በእኛ ቋንቋ የኮምፔንሳቶ ዘመድ ነው። ያ የኮምፔንሳቶ ጊታር ዛሬ የጃዝ ጊታር ሁሉ ምሳሌ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሰብሳቢዎች በብዙ ሺህ ዶላር ይገዙታል።

ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታር አንድ ደዌ አለበት። ማጉያው ሲጮህ የጊታሩ ሆድ አብሮ ይርገበገባል፤ ርግብግቡ ተመልሶ በፒክአፑ ይገባና ፉጨት ይሆናል። ሙዚቀኞች ፊድባክ የሚሉት ነው። ቢ.ቢ. ኪንግ የጊታሩን ቀዳዳዎች በጨርቅ ይወትፍ ነበር። ጊብሰን በ1958 ባወጣው ኢኤስ-335 መሐሉ ላይ ድፍን እንጨት አስገብቶ ጎንና ጎኑን ብቻ ባዶ ተወው። ያም ሰውነቱ ከተደራረበ ስስ እንጨት ነው።

🔹 «የቻይናው» ከጥንትም ነበረ

ኤፒፎን የሚባለው ስም በኒው ዮርክ የአንድ ግሪካዊ ስደተኛ ቤተሰብ ድርጅት ነበር፤ የጊብሰን ዋነኛ ተፎካካሪ። በ1957 የጊብሰን ባለቤት የሆነው ድርጅት ገዛውና ውሎ አድሮ ረከስ ያለው ወንድም ሆነ። ቢትልሶች፣ የፈለጉትን ሁሉ መግዛት በሚችሉበት ጊዜ፣ ፖል ማካርትኒ በ1964፣ ጆን ሌነንና ጆርጅ ሃሪሰን በ1966 ኤፒፎን ካሲኖ ያዙ። የኤፒፎን ምርት በ1970 ወደ ጃፓን ሄደ፤ በኋላም ወደ ኮሪያና ወደ ቻይና።

ጃፓኖች ደግሞ የአሜሪካን ጊታር መልክ እየቀዱ ጀመሩ። በ1977 የጊብሰን ባለቤት የሆነው ድርጅት የጃፓኑን አይባኔዝ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለውን ድርጅት በጊታሩ ራስ ቅርጽ ምክንያት ከሰሰ። በዚያው ዓመት ከዓለም ታላላቅ የጃዝ ጊታረኞች አንዱ የሆነው ጆርጅ ቤንሰን በስሙ የተሠራውን ውስጠ ክፍት ጊታር ከዚሁ ከአይባኔዝ ጋር አወጣ። ያ ጊታር አሁን በተራው «ክላሲክ» ተብሏል።

መስመሩ ግልጽ ነው። ርካሽ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ በጥሩ እጅ ገባ፤ ተቀረጸ፤ ቅጂው ተሰማ፤ ከዚያ ክላሲክ ሆነ።

🔹 የእኛው ታሪክስ?

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ የመንግሥት ዕቃ ሆኖ ነው የጀመረው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ አርባ ልጆች የምንላቸው፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መጥተው የቤተ መንግሥቱ ነፊዎች ሆኑ። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መጡ። ሳክስፎኑም ጊታሩም የተቋሙ ነው፤ ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው። በኋላ የመጡት ባንዶችም በአብዛኛው በሆቴልና በምሽት ክበብ ሥር ያሉ ነበሩ። «የትኛውን ጊታር ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ለዚያ ትውልድ ለብዙው አልቀረበለትም፤ የተሰጠውን ይዞ ተጫወተ።

ሸክላ የማሳተም መብትም በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ሕግ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሥራው የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። ትንንሾቹ ሸክላዎች ውጭ አገር እየታተሙ ይገቡ ነበር። አብዮቱ መጣ፤ አምሃ አገር ጥሎ ወጣ፤ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን አደነዘዘው፤ ሸክላውንም ካሴት ተካው። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ይገለበጣል። የሮሃ ባንድ ዘመን ያ ነው። ሮሃ የቀድሞው አይቤክስ ባንድ ሲሆን፣ ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «እሬ መላ መላ»ን የተጫወተው ከአይቤክስ ጋር ነበር። ቅጂው በ1986 ብራስልስ ላይ እንደገና ሲታተም አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መጠየቅ ጀመረ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ አሮጌዎቹ ሸክላዎች ዓለምን ዞሩ። ያኔ በየሙዚቃ ቤቱ ይሸጥ የነበረው ሸክላ ዛሬ የውጭ ሰብሳቢ ተሻምቶ የሚገዛው ሆኗል። እዚህም ያው ነው፦ የትናንቱ ርካሽ፣ የዛሬው ክላሲክ።

🔹 ወሎ በጊታር ውስጥ

እነዚያ ጊታሮች የተጫወቱትን ዜማ ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። በደርግ ዘመን የወሎው ኪነት ቡድን ላሊበላ ኪነት ተብሎ ይጠራ ነበር፤ አምባሰልን ከስሟ ለይተን የማናያት ማሪቱ ለገሰ ከዚያ ናት። ስለዚህ ጊታሩ ከውጭ ቢመጣም አፉን የፈታው በወሎ ቋንቋ ነው።

ቋንቋውን ለመናገር ግን መታገል ነበረበት። ጊታር አንገቱ ላይ ድምፁ በብረት ዘንጎች ተከፋፍሎ አልቋል። የማሲንቆ አንገት ዘንግ የለውም፤ የአዝማሪው ጣት በአንዲቱ የፈረስ ጭራ ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ያገኛል። ጊታረኛው ያንን ለማግኘት ክሩን እየገፋ ያጎብጣል። ውስጠ ክፍት ጊታር እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው፤ ድምፁ እንደ ድፍኑ ጊታር አይንጠለጠልም፣ ቶሎ ብቅ ብሎ ቶሎ ይጠፋል። ክራርም እንዲሁ ነው። ክራር መሰል አመታት ለሚፈልግ ጆሮ ይህ ጊታር የሚቀርብ ዘመድ ነው።

ማሲንቆ ደግሞ ራሱ ውስጠ ክፍት መሣሪያ ነው፤ የእንጨት ሳጥን፣ ፊቱ ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ በሙጫ የሚታሽ ደጋን። ችግሩም ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 የነበረበት ችግር ነው። የጠጅ ቤት ጫጫታ ውስጥ ይሰማል፤ ድንኳን ውስጥ ስፒከር ሲገባ ግን ይዋጣል። ማይክ ቢያስጠጉለት ያፏጫል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሠርግ ላይ የተገኘው መፍትሔ ማሲንቆውን ማስወጣትና ኪቦርድ ማስገባት ሆነ፤ በተለምዶ ኦርጋን የምንለውን። አሜሪካኖቹ ጊታሩ ሲዋጥ ፒክአፕ ገጠሙለት፤ እኛ መሣሪያውን ከነባለቤቱ አሰናበትነው። መሣሪያው ሰውነት ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፒክአፕ ማሲንቆን ከድንኳን ስፒከር ጋር ታስማማዋለች። ክራር በኤሌክትሪክ ሆኖ መድረክ ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ ማሲንቆን የሚከለክለው የለም።

🔹 ታዲያ ምን ይገዛ?

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። አዲስ ጊብሰን ኢኤስ-335 ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። የኤፒፎን ወይም የአይባኔዝ ተመሳሳይ ጊታር ውጭ አገር በ500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ተመን 500 ዶላር ማለት 28,500 ብር ነበር። ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ዛሬ ከ57,000 ብር ያልፋል፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር። ከጎብኚ ጉርሻ ለሚኖር የላሊበላ ሙዚቀኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻም። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት። ጎብኚ ሲቀር ጠጅ ቤቱም ይቀዘቅዛል፤ አዝማሪውም ይበተናል።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ገንዘብ ላለው፣ ረከስ ያለው ውስጠ ክፍት ጊታር አያሳፍርም። ሰውነቱ የተደራረበ ስስ እንጨት መሆኑ ነውር አይደለም፤ ኢኤስ-175ም እንዲያው ነው። እንዲያውም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጋው ደረቅ ክረምቱ ዝናባማ በሆነ ደጋ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት ከተፈለፈለው ይልቅ ይህኛው መሰንጠቅን ይቋቋማል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ከስሙ በፊት አንገቱን ይይ፤ ተጣሞ እንደሆነ፣ ራሱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰብሮ ተጣብቆ እንደሆነ። መብራት በሚጠፋበት አገር ሌላም ጥቅም አለው፤ ድፍኑ ጊታር ያለ ኤሌክትሪክ ሲያንሾካሹክ፣ ሙሉ በሙሉ ውስጠ ክፍት የሆነው ቢያንስ ለአንድ ክፍል ሰው ይሰማል። ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ወራት ያለ መብራት ምን እንደሚመስል አይቷል።

ገንዘቡ ለሌለው ደግሞ ከጊታሩ በፊት ያለውን ማሲንቆ ያስበው። ለአንድ ጊታር የሚወጣው ገንዘብ ለስንት ማሲንቆ ፒክአፕና ለአንድ ደህና መቅረጫ ይበቃል። የባህል ቢሮዎችም የበጀት ዕቅድ ሲያወጡ ከኪቦርዱ ቀጥሎ ይህን መስመር ቢጨምሩበት መልካም ነው።

መቅረጫውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ላይ ማሲንቆውን ይዞ ስለተቀረጸ ዛሬ ድምፁን እንሰማለን። በእርሱ ዘመን ላስታ ውስጥ የነበሩ አዝማሪዎች ግን አልተቀረጹም፤ የጨዋታቸውን ለዛ የሚነግረን ድምፅ የለም። ቻርሊ ክርስቲያንን ያቆየው የ150 ዶላሩ ጊታር ብቻ አይደለም፤ የተቀረጸው ሸክላ ነው። ሮሃ ባንድንም ያቆየው ካሴቱ ነው። በሮሃ ከተማ ራሷ ዛሬ ደጋን የሚስቡ አዛውንቶች አሉ። እነሱን በስልክም ቢሆን አሁን ያልቀረጸ ትውልድ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ «ኦሪጅናሉ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አይኖርም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በአካባቢያችሁ ያለውን አዝማሪ የቀረጸ አለ?