የኦክስጅን መጠንና የጨቅላ ሕፃናት ዓይን፦ የአንድ ዕውቀት ታሪክ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የኦክስጅን ድርሻ በየትም ቦታ 21 በመቶ ቢሆንም ግፊቱ ከከፍታው ጋር ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ አገር ኦክስጅን ቢበዛም ጨቅላ ሕፃንን አይጎዳም የሚል ግምት ሊያድር ይችላል። የሬቲና የደም ሥሮች ጥናት ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም።

የሬቲና የደም ሥሮች በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ከዓይን ነርቭ መነሻ ማደግ ጀምረው ዳር የሚደርሱት በመወለጃው ጊዜ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ቦስተን ውስጥ ዶክተር ቲዮዶር ቴሪ ያለጊዜያቸው ተወልደው በኋላ ዓይነ ስውር የሆኑ ሕፃናትን ሁኔታ ገለጹ። በ1951 ዶክተር ኬት ካምቤል ሜልቦርን ላይ የኦክስጅን ብዛትን ተጠያቂ አደረጉ። በ1954 ደግሞ ኖርማን አሽተንና ባልደረቦቻቸው በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከፍተኛ ኦክስጅን ገና በማደግ ላይ ያሉ የሬቲና ደም ሥሮችን እንደሚያጠፋ፣ ወደ ተራ አየር ሲመለሱም ሥርዓት የለሽ አዲስ ደም ሥሮች እንደሚፈሉ አሳዩ።

ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አይዛክ ማይክልሰን በ1948 ኦክስጅን ያነሰው ሬቲና የደም ሥር አብቃይ ንጥረ ነገር ያመነጫል ብለው ገምተው ነበር፤ በ1989 ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለው ፕሮቲን ተለይቶ ታወቀ። በ1995 የኤሊ ኬሼት የምርምር ቡድን ይህ ፕሮቲን የደም ሥር ከማሳደጉም በላይ አዲስ የበቀሉትን ሕዋሳት በሕይወት እንደሚያቆይ አረጋገጠ። ኦክስጅን ሲበዛ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ይቀንሳል፤ ሕዋሳቱም ራሳቸውን በራሳቸው ያጠፋሉ።

የሕዋሳትን ሞት የሚያግደው ቢ.ሲ.ኤል.-2 መሆኑ በ1988 እዚያው ሜልቦርን ታውቆ ነበር። በ1998 ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. በደም ሥር ሕዋሳት ውስጥ የዚህን ፕሮቲን መጠን እንደሚጨምር ተገለጸ። ዊስኮንሲን ውስጥ በ2005 በወጣ ጥናት ቢ.ሲ.ኤል.-2 የሌላቸው አይጦች የሬቲና ደም ሥራቸው የሳሳ ሆኖ ተገኘ፤ ከኦክስጅን በኋላ የሚፈላው ጎጂ ደም ሥርም አነሰ። በ2011 ደግሞ ሞትን የሚያፋጥነው ቢም የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ደም ሥራቸው የበዛ፣ ከፍተኛ ኦክስጅንንም የሚቋቋም መሆኑ ታየ። የደም ሥሩ ዕጣ የሚወሰነው በሁለቱ ወገኖች ሚዛን ነው ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ምን ይፈይዳል? በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት 570 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን በባሕር ወለል 760 ነው። ይሁንና ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጠው ሕፃን እዚህም ቢሆን የሚስበው፣ ፅንስ በማኅፀን ከለመደው 30 ገደማ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ግፊት ያለው ነው። ከፍታው ጋሻ አይሆንም።

በአንጻሩ ኦክስጅንን መንፈግም መፍትሔ አይደለም። ከ1954 በኋላ አጠቃቀሙ በጥብቅ ሲገደብ ዓይነ ስውርነት ቢቀንስም የሕፃናት ሞት ጨምሯል። በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናትም ሙሌቱ ከ85 እስከ 89 በመቶ የተያዘላቸው ሕፃናት፣ ከ91 እስከ 95 ከተያዘላቸው ይልቅ ከባድ የሬቲና ሕመም ቢያንስባቸውም ሞት እንደበዛባቸው አሳይቷል።

ስለዚህ ኦክስጅን መጠን የሚታዘዝለት መድኃኒት ነው። ኦክስጅን የሚሰጠው ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሙሌቱ በፐልስ ኦክሲሜትር ሊለካ፣ ከ95 በመቶ ሲያልፍም ኦክስጅኑ ሊቀነስ ይገባል። በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ደግሞ ዓይኑ ይመርመር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል የሚገኝበት የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚሁ የካ ውስጥ ነው፤ ሕፃኑ በጊዜው እንዲደርስ የሚያደርገው ግን በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚሠራው ባለሙያ የሚጽፈው የሪፈር ወረቀት ነው።