የስክሪን ሰዓት፦ ምኑ ይቆጠራል?

ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ በአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ብዙ ቤቶች ልጅ ምግብ እምቢ ሲል መላው ስልክ ነው፤ ዓይኑ ካርቱን ላይ እንዳለ ጉርሻው ይገባል። እንዲህ ያለውን ጊዜ የጤና ባለሙያዎች «ሴደንታሪ ስክሪን ታይም» ይሉታል። በአማርኛ «ቁጭ ብሎ ስክሪን የማየት ሰዓት»፣ ባጭሩ «የስክሪን ሰዓት» ብንለው ያስኬዳል። «የስክሪን ጊዜ» የሚሉም አሉ፤ እኔ «ሰዓት» ያልኩት ነገሩ የሚለካ ስለሆነ ነው።

የሚቆጠረው ልጁ ሳይንቀሳቀስ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር እያየ የሚዝናናበት ጊዜ ነው። እየዘለለ የሚጫወተው ጌም አይገባበትም። ለልጅ ተብሎ ያልተከፈተው ግን ይገባል፦ እናቱ ቃና ቴሌቪዥን ላይ የቱርክ ድራማ ስትከታተል አጠገቧ ፈዞ የተቀመጠ ሕፃንም ሰዓቱ እየተቆጠረበት ነው። «የእኔ ልጅ ስልክ አይነካም» የሚል ወላጅ ብዙውን ጊዜ ይህን አይደምርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥም፤ ባነሰ ቁጥር ይመረጣል። መመሪያው የሚያሰላው ግን ቀንና ሌሊቱን በሙሉ ነው። የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት፣ ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይገባዋል፤ ከዚህም ቢያንስ 60ው ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ መሆን አለበት። ሕፃን አዝለን የምንውል ሰዎች ልብ እንበል፦ መታዘልም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። መቀመጥ ራሱ ግን አልተወገዘም፤ ቁጭ ብሎ ተረት መስማት ይበረታታል።

180 ደቂቃ ሲባል ጂም የሚታየው ሰው አይጠፋም። «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» የሚለው የተለመደ አጠራር ያሳስታል፤ እዚህ የሚሻለው «አካላዊ እንቅስቃሴ» ነው። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ሱቅ መላላክም ጭምር ይቆጠራል። ችግሩ ቦታው ነው። ልጅ የሚሮጥበትን ኮብልስቶን ባጃጅና መኪና ይሻሙታል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ልጇን ብቻውን ወደ ታች ለመስደድ ብትፈራ አልፈርድባትም። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለልጆች መልቀቁ ደግ ሐሳብ ነበር፤ ልጅ ግን በወር አንድ እሑድ ሮጦ አይጠግብም።

ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። የስክሪኑን መዝናኛ «ገድቡ» ይላል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። የሰባት ዓመት ልጅ ያላችሁ ልኩን ቤታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ የራሳችሁንም ስልክ ጨምሩበት።