ጥጃው፣ ጥንቸሏና የቃጫው ገመድ

ነገሩ የሆነው በመስቀል ሰሞን ነው። በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ስገባ፣ ለእህቴ ልጅ የያዝኩለት ስጦታ በካርቶን ውስጥ ነበር፤ አንዲት ነጭ ጥንቸል። በማግሥቱ ገጠር ወዳሉት ዘመዶቻችን ወጣን። ከቤቶቹ ፊት ለፊት በተንጣለለው ጀፎረ ላይ አንድ ጥጃ በቃጫ ገመድ ታስሮ ሣር ይግጣል። እኔም ከዚያው ገመድ ቆረጥ አድርጌ የጥንቸሏን አንገት አሰርኩና ጫፉን ከጥጃው አጠገብ ችካል ላይ ቋጠርኩት።

ውሻ ጮኸ። ጥንቸሏ ወደ ላይ ዘለለች፤ ገመዱ መልሶ መሬት ላይ ጣላት። ስናነሳት የኋላ እግሮቿ አልታዘዙ አሏት። ሌሊቱን አላለፈችም።

ልጁ አላለቀሰም። «ጋሼ፣ ገመዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥጃው ለምን ምንም አልሆነም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ውድ አንባቢ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ጥያቄ ነው።

ከገመዱ እንነሣ። ጉራጌ እንሰቱን ፍቆ ቆጮውን ሲያወጣ፣ በእጁ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ይባላል። ከቃጫ ገመድ ይገመዳል፤ በገመዱም ከብት ይታሰራል። በጉራጌ ባህላዊ ቤት ከብቶቹ ሌሊቱን ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ፍጋቸውም ተመልሶ እንሰቱን ያለማል። እንሰቱ ለከብቱ ገመድ ይሰጣል፣ ከብቱ ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሰጣል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም። ጀፎረው ደግሞ የሁሉም ነው፤ ሠርግና ለቅሶ ይውልበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ጥጃም ይግጥበታል። አጥሩን ገፍቶ ከጀፎረው የሚቆርስ ሰው በሽማግሌዎች ፊት መቆሙ አይቀርም። እንግዲህ ያ ጥጃ የታሰረው በገመድ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት ብዙ ትውልድ በለመደው ሥርዓት ውስጥ ነው።

እንስሳን አስሮ መምራት በእኛ አካባቢ ጥንታዊ ነገር ነው። የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከ3,400 ዓመት በፊት ቀደም ብላ ወደ ፑንት መርከቦች ልካ ነበር። የዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ከመጡት መካከል በገመድ የሚመሩ አቦሸማኔዎች ተቀርጸው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናትም በግብፅ መቃብሮች የተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖችን መርምሮ፣ የመጡበትን ምድር ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ጅቡቲን ወደሚያካትተው አካባቢ መርቶታል። ውሻና በሬ ደግሞ ከሰው ጋር መኖር ከጀመሩ አሥር ሺህ ዓመት አልፏቸዋል።

ጥንቸልስ? በአማርኛ አንዱ ስም ሁለት እንስሳ ይጠራል። በአገራችን ሜዳ ላይ የምትፈተለከው፣ በተረታችን ብልጧ፣ የዱር ጥንቸል ናት፤ ልጇን ፀጉር ለብሶ፣ ዓይኑ ተከፍቶ፣ በሜዳ ላይ ትወልዳለች። የቤቷ ጥንቸል ግን ጉድጓድ ቆፍራ ራቁቱንና ዓይኑ የተጨፈነ ልጅ የምትወልድ ሌላ ዘር ናት። የትውልድ አገሯ የዛሬዎቹ ስፔን፣ ፖርቱጋልና ደቡብ ፈረንሳይ ናቸው። ሮማውያን በታጠረ ግቢ ያቆይዋት ነበር፤ የፈረንሳይ መነኮሳት በ600 ዓ.ም. ገደማ አለመዷት የሚለው የታወቀ ወሬ ግን መሠረት እንደሌለው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቀስ በቀስ ለምዳለች እንጂ አንድ ቀን የላትም። ወደ እኛ ስትመጣም ዘሌዋውያን 11 ቀድሟት ነበርና፣ በኦርቶዶክሱ ቤት ለማዕድ አልሆነችም። ከብት አይደለች፣ አውሬ አይደለች፤ እንዴት እንደምትታሰር የሚነግረን አያት አልነበራትም።

የልጁ ጥያቄ መልስ ግማሹ ይኸው ነው። ግማሹ በአካሏ ውስጥ አለ። ጥጃ ሲደነግጥ ይጎትታል፤ ጥንቸል ሲያስደነግጧት ትወነጨፋለች። አጥንቷ ከክብደቷ ከ7 እስከ 8 ከመቶ ብቻ ሲሆን የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ግን እጅግ ብርቱ ነው። ሰውነቷ በድንገት ከተገታ የገዛ ጉልበቷ ወገቧን ሊሰብረው ይችላል። በአንገቷ ያለ ገመድ ለእርሷ ሸምቀቆ ነው።

ስለዚህ ከቤት የሚያወጣት ሰው አንገቷን ይተው። ማሰሪያው ደረቷን የሚያቅፍ፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ የሚዞር ለስላሳ ጨርቅ ይሁን፤ ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ቤት ውስጥ ትልበሰው። ውጭ ሲወጣ ሰውየው ይከተላት እንጂ አይጎትታት፤ ችካል ላይ አስሮም አይሂድ። ፀረ ተባይ የተረጨበት ሣር፣ ውሻ የሚውልበት ሜዳና የቀትር ፀሐይ ለእርሷ አይሆኑም፤ ላብ ስለማያልባት 30 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ይጎዳታል። ድርቅ ብላ ከቆመች ወይም በኋላ እግሯ መሬቱን ከደበደበች ፈርታለች፤ ገመዱን ሳይሆን ደረቷንና ኋላዋን ደግፎ ማንሣትና መመለስ ነው።

እህቴ ከነቤተሰቧ ዛሬ ቡታጅራ ነው የምትኖረው። ባለፈው ስሄድ ልጁ ሌላ ጥንቸል አሳደገ፤ ግራጫ። ማሰሪያዋን ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከአሮጌ ሹራብ ሰፍቶለታል። ማለዳ፣ ሣሩ ጤዛ ሳይደርቅ ይዟት ወጣ። ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ታሸታለች፤ እርሱም ይቆማል። አንዲት እናት የጀበናቸውን ውሃ ይዘው ሲያልፉ ቆመው አዩና፣ «ልጄ፣ አንተ ነህ እርሷን የምታወጣት ወይስ እርሷ አንተን?» ብለው ሳቁ።

«እርሷ ናት፣ እማማ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ገመዱን አቀበለኝ። ከወልቂጤው ቀን በኋላ የጥንቸል ገመድ በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ላላ አድርጌ ያዝኩት።