ጥገናው ይቅደም ወይስ አገልግሎቱ?

እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። አንድ ግዙፍና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ርካሽ ዲስኮችን ማስተባበር ይሻላል የሚል ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ። ስሙንም ሬይድ አሉት።

ችግሩ ብዛቱ ራሱ ነበር። አንድ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፣ ከ100 ዲስኮች መካከል አንዱ በየ300 ሰዓቱ ይበላሻል። ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከመረጃው ጋር ተጨማሪ የማካካሻ ስሌት ይቀመጣል። አንዱ ዲስክ ሲሞት የጠፋው ከቀሩት ተሰልቶ በአዲስ ዲስክ ላይ ይጻፋል።

ያኔ ርካሾቹ ዲስኮች የሚይዙት 100 ሜጋባይት ገደማ ነበር። ተመራማሪዎቹም በስሌታቸው ለጥገናው የሰጡት 1 ሰዓት ነው። ዛሬ 8 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ብርቅ አይደለም፤ 80,000 እጥፍ ማለት ነው። የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱ ግን በዚያ ልክ አላደገም።

ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ጥገናው የቀሩትን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ገንዘብ የሚያወጣው የባንክ ደንበኛም፣ የበሽተኛ መዝገብ የሚፈልገው ሐኪምም የሚጠብቁት እነዚያኑ ዲስኮች ነው። ጥገናው ከተቻኮለ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ከዘገየ ደግሞ ማካካሻው ለአንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ፣ በመሐል ሁለተኛው ቢሞት መረጃው ይጠፋል።

በ1992 ማርክ ሆላንድና ጊብሰን ሸክሙን ለብዙ ዲስኮች ማከፋፈልን አጠኑ፤ እያንዳንዱ ከጊዜው ጥቂት ብቻ እንዲሰጥ። ሊኑክስ ደግሞ ለጥገናው ፍጥነት ወለልና ጣሪያ አበጀለት። ሌላ ሥራ ሲኖር ጥገናው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይፈጥናል። የተለመደው ወለል ለአንድ ዲስክ በሰከንድ 1,000 ኪሎባይት፣ ጣሪያው 200,000 ነው። ባለ 8 ቴራባይቱ ዲስክ በጣሪያው ፍጥነት 11 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሌት ተቀን ሥራ በዝቶበት ከወለሉ ንቅንቅ ካላለ ግን ሦስት ወር!

በእነዚህ ሦስት ወራት ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም፤ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ፈጣን ነው። አደጋውም ይኸው ነው። ያ ፍጥነት ከመረጃው ደኅንነት የተወሰደ ብድር ነው። ወለሉን ማታ ከፍ፣ ቀን ዝቅ ማድረግ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ሁለት ዲስክ ቢሞትም የሚያተርፈው ሬይድ 6 ደግሞ ጊዜ ይገዛል። የብድሩን መጠን መወሰን ያለበት መረጃውን በአደራ የያዘው ተቋም እንጂ፣ ማሽኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቁጥር አይደለም።